ጊታሬን ይዤ ፒያሳ 3 ሳምንት፦ ማን ጥሩ ሰራልኝ ማን አቃጠለኝ

ሰላም ሰላም፣ ከቨርጂኒያ ነው፣ ጄትላጉ ገና አለቀቀኝም። ዘንድሮ አዲስ አበባ የገባሁት እንደሌላው ጊዜ ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ አልነበረም፣ የራሴን ዘፈን ልቀዳ ኤሌክትሪክ ጊታሬን ተሸክሜ ነው የሄድኩት፣ እና የመቅጃ እቃ ምናምን ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ የተጠቀምኩባቸውን ነገሮች ልጽፍ ነው። የቤቶቹን ስም አልጠራም፣ ሰፈሩን ግን እነግራችኋለሁ።

ዕድሜዬ 57 ነው። ጊታር የጀመርኩት በ53 ዓመቴ፣ ልጆቹ ኮሌጅ ሄደው ቤዝመንቱ ባዶ ሲቀር ነው። ልጅ እያለሁ የሮሃ ባንድን ካሴት በእስኪርብቶ እያጠነጠንኩ የሰላም ስዩምን ጊታር ለብቻው ለይቼ ለመስማት ስታገል ነው ያደግኩት፣ መያዙ ግን አልደረሰኝም ነበር። የምጫወተው ሮክ ነው፣ ዲስቶርሽኑ (የሚሻክረው ድምጽ) በደንብ ያለበት፣ ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ትለዋለች። ሰው ሁሉ ምን በወጣህ የፈረንጅ ነገር ይለኛል፣ እኔ ደግሞ እላለሁ ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ማለት ኤ ሲ ዲ ኢ ጂ ነው፣ እነዚሁኑ አምስቱን ከሲ ጀምራችሁ ተጫወቷቸው፣ ትዝታ ሜጀር ነው የሚወጣው፣ የፈረንጁ የትኛው ነው እንግዲህ።

ቦሌ ላይ ሻንጣውን ከፈቱት፣ ኦዲዮ ኢንተርፌሱን (ጊታሩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን) አይተው ይሄ ምንድነው አሉኝ፣ ለሙዚቃ መቅጃ ነው ስላቸው መልካም ቆይታ ብለው አሳለፉኝ፣ በቃ ይሄው ነው። ሲም ካርድም በፓስፖርት ወዲያው አወጣሁ፣ ቴሌብር ካስገባችሁ ከማኪያቶ ጀምሮ ኪስ መግባት የለም።

ጌስት ሃውሱ ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ዝቅ ብሎ። (ፒያሳን ካያችሁ ከቆያችሁ ተዘጋጁ፣ በ2016 ዓ.ም ብዙው ፈርሶ መንገዱ ሰፍቶ እግሬ የሚያውቀውን መታጠፊያ አይኔ አጥቶት ሁለት ቀን ስዞር ነበር፣ ድሮ የክራር ክር የሚሸጥባት ሱቅም የለችም።) ክፍሉ ንጹህ፣ ቁርሱ ፍርፍር፣ አስተናጋጇ ልጅ በጣም ጨዋ፣ ለመኝታ 5 ኮከብ እሰጣለሁ። ለቀረጻ ግን 2። ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) የለውም፣ ጊታሩን ሰክቼ ክሩን ስነካ ነዘረኝ፣ ቀላል ነው ግን ልብ ያስደነግጣል፣ ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ አምፕ እንዳትሰኩ። ደግሞ ሃሙ፣ ከመብራቱ የሚመጣው ጉርምርምታ! አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ ጊታሬ የሚያጉረመርመው ቢ ፍላትና ቢ መሃል ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 50 ኸርዝ ነው፣ ከጂ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዘፈኔ ደግሞ ኢ ማይነር ስለሆነ ጂ እዛው ከዘፈኑ ኖታዎች ውስጥ ናት። አገሬ ገብቼ ሃሙ ራሱ ከዘፈኑ ጋር ተስማማ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ፣ አብዛኛው ጫጫታ እዛው ይጠፋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። የፔዳሎቼ (የጊታሩን ድምጽ የሚቀይሩት በእግር የሚረገጡ ሳጥኖች) ፓወር ሰፕላይ የአሜሪካ ነው፣ 120 ቮልት ብቻ። የላፕቶፑ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚል ሁሉም እንደዛ መስሎኝ መቀየሪያ ሶኬት ገጥሜ ሰካሁት፣ ጠሽ አለ፣ ከዛ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ። አራት ፔዳል ይዤ 9 ሺህ ማይል መጥቼ በመጀመሪያው ማታ ድምጽ አልባ ሆንኩ ማለት ነው (ማይሉ ተጋንኗል፣ ንዴቴ ግን አልተጋነነም)።

በነጋታው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲወጣ አንድ ህንፃ ምድር ቤት ቴፕና ስፒከር የሚሰራ ሰው አለ አሉኝ። ክፍሏ ሁለት ሰው አታስቀምጥም፣ ግድግዳው በሙሉ የተፈታ ዲቪዲና አምፕሊፋየር፣ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ይሰማል። ገና ሳልነግረው ሰፕላዩን አገላብጦ አየና "ባለ 110 ነዋ፣ እናንተ ዳያስፖራዎች አንድ ቀን አታነቡም" አለኝ። ከፈተው፣ ትራንስፎርመሩ ጠቁሯል፣ ይሄ ሞቷል አለ። የራውተር አዳፕተር 9 ቮልት አለህ አይደል ለፔዳሎቹ እሱን ልሰካላቸው አልኩት፣ አይሆንም አለ፣ ስዊቺንግ ስለሆነ ጊታርህ ላይ ያፏጫል፣ ያንተ እቃ ድምጹን ሲያባዛ ፉጨቱንም ያባዛል። ከመሳቢያው አሮጌ የካሴት ቴፕ ትራንስፎርመር አወጣ፣ ዳዮዶች፣ ባለ 1000 ማይክሮ ካፓሲተር፣ ቮልቱን 9 ላይ የምትይዝ ሶስት እግር ያላት 7809 ሬጉሌተር፣ እሷን ከአንድ ቁራጭ አሉሚኒየም ጋር በቡሎን አሰራት እንዳትሞቅ። ከመበየዱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፣ የፔዳሉ መሰኪያ ነጌቲቩ መሃል ነው ወይስ ውጪ? ፔዳል አብዛኛው መሃሉ ነጌቲቭ ነው፣ ይሄን ካልጠየቀ አራቱንም ይጠብስልኝ ነበር። ሻይ እየጠጣን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ያስከፈለኝ እዚህ አገር ለአንድ ፒዛ የማወጣውን ነው፣ ልጨምርልህ ስለው ተቆጣ። 5 ኮከብ ያንሰዋል፣ እስካሁን ከገዛሁት ሁሉ ጸጥ ያለ ሰፕላይ እሱ ነው።

ማታ ጓደኛዬ ቤዙን ይዞ መጣ። ድሮ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ይጫወት ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ወጣት እያለን አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ይጫወት ነበር እያሉ ታላላቆቻችን ሲያወሩ በቅናት የምንሰማ ሰዎች ነን። ቤዙን ኢንተርፌሱ ላይ በቀጥታ ሰካነው፣ ማይክ የለም አምፕ የለም፣ በኢርፎን ብቻ። ሶስተኛው ቴክ (ሶስተኛው ሙከራ) መሃል ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ነው፣ ኢንተርፌሱም ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው፣ ስለዚህ ምንም አልተቋረጠም፣ ውጪ ውሻ ይጮሃል፣ ጎረቤት ጀነሬተር ያስነሳል፣ እሱ አይኑን ጨፍኖ ስለነበር መብራት መሄዱንም አላወቀም፣ የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ዘፈኑ ላይ ያለው ያ ቴክ ነው። ማይክ ብጠቀም ኖሮ ግማሹ ውሻ ይሆን ነበር።

ስቱዲዮው ስታዲየም አካባቢ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አይሰራም፣ በሰዓት ነው የሚከፈለው። ቀጠሮው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፣ ኢንጂነሩ የመጣው 8 ሰዓት ከ40፣ ተቀባይዋ ግን ከ8 ጀምራ ልትቆጥር ነበር፣ ተከራክሬ ነው የተስተካከለው። ድራሙም ስኔሩ (ትንሹ ከበሮ) በፕላስተር የተለጠፈ ነው፣ የማስታወቂያው ፎቶ ላይ ግን አዲስ ነው። ለዚህ 2 ኮከብ።

ልጁ ግን፣ ኢንጂነሩ፣ 25 ቢሆነው ነው። ሲገባ "ይቅርታ ፋዘር፣ ታክሲ አጥቼ ነው" አለ፣ ተቀምጦ ዘፈኑን አንዴ ሰማ፣ አቆመና "ፋዘር፣ ይሄ ጊታር ሁለት ነው አንድ?" አለኝ። ሁለት ነው አልኩ ኮራ ብዬ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ። "አንድ ነው፣ ኮፒ ነው ያደረጉት።" ተያዝኩ። አራት ዓመት ሙሉ እኔ ቤዝመንት ውስጥ አንዱን ትራክ ኮፒ አድርጌ ግራና ቀኝ እየወረወርኩ ለምንድነው እንደ ባንዶቹ የማይሰፋው እያልኩ ፕለጊን (የድምጽ ማሳመሪያ ሶፍትዌር) ስገዛ ነበር። ኮፒ ካደረጉት ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጆሮ መሃል ላይ ነው የሚሰማው፣ ይጮሃል እንጂ አይሰፋም አለኝ፣ ሁለቴ መጫወት አለብዎት፣ የሁለተኛው ትንንሽ ስህተት ነው የሚያሰፋው። እዛው ሰካሁና ደግሜ ተጫወትኩት፣ ጣቴ ሁለት ቦታ ተንሸራተተ፣ ላርመው ስል ይተዉት አለ። ከዛ ሲያጫውተው ክፍሉ ተከፈተ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ቀጥሎ የጊታሩን ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በሙሉ ቆረጠው። እኔ ያ ድምጽ ነው ሮክ የሚያደርገው ብዬ ልጮህ ስል "ለብቻው ሲሰሙት ቀጥኗል፣ ግን ጓደኛዎን ያዳምጡ" አለ፣ እውነትም በጨለማ የተጫወተው ቤዝ ከነጣቱ ድምጽ ወጣ፣ ለካ የኔ ጊታር ነበር የሚበላው። ከዛ ግን ድምጼ ላይ አውቶቱን (የተሳተ ዜማ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር) ልጨምር አለ፣ እሱን እምቢ አልኩ፣ ክራር በኪቦርድ እናስገባም አለ፣ እሱንም። ስለዚህ ስቱዲዮውን 2 ልጁን 5፣ ከሄዳችሁ በስልክ እሱ መኖሩን ሳታረጋግጡ ፎቁን እንዳትወጡ፣ ጉልበታችን ለሚያመን ሰዎች ነው የምለው።

ራይድ ጥሩ ነው፣ ከጊታር ጋር ከሆናችሁ ግን የኋላ እቃ መጫኛው በጋዝ ሲሊንደር የተያዘ መኪና ስለሚመጣ ቀድማችሁ ደውሉ። ክር፣ ፒክና ኬብል ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛ የሚገኘውም ጥሩው ውድ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ያ ሰፕላይ ባለ 220 ነው፣ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አይሰራም። ባለቤቴ ጣለው አለች። ትናንት ከ110 ወደ 220 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ገዛሁለት፣ ከሰውዬው ሂሳብ ሶስት እጥፍ ነው፣ በሁለቱ ትራንስፎርመር ጠረጴዛው ተሞልቷል፣ አሁን ሁለተኛውን ጊታር ልቀዳ ነው።