ሉመን ወይስ ሉክስ፦ የኤልኢዲ አምፖል ብርሃን በየትኛው ይመዘን?

በደብረ ብርሃን ሱቆች አምፖል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋቱን ነው፤ ዋት ግን አምፖሉ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም። ሉመን ከአምፖሉ በየአቅጣጫው የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ሲለካ፣ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን ሉመን ይገልጻል። ስለዚህ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል የሚተካ የ800 ሉመን ኤልኢዲ ከፍ ካለ ጣሪያ ላይ ቢሰቀልም ሆነ ከልብስ ሰፊው ጠረጴዛ በላይ ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል ሉመኑ ያው ነው፤ ሉክሱ ግን ይለያያል። ከግድግዳ የሚመለሰው ብርሃን ካልተቆጠረ፣ በ1 ሜትር ርቀት 400 ሉክስ የነበረው በ2 ሜትር ወደ 100 ይወርዳል። ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፍ ሱቅ ውስጥ ለማወዳደር ሉመን ይበቃል፤ ለጥናትና ለስፌት ግን፣ በተለይ ግድግዳው በጢስ በጠቆረ ቤት፣ እኔ ሉክስን አስቀድማለሁ።