የድሮ ቬስፓ ያላችሁ፦ «ፉል ኪት ሲዲአይ» ሲሏችሁ ኪሳችሁን ያዙ

ሲዲአይ ማለት ቤንዚኑን የሚለኩሰውን የካንዴላ ብልጭታ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ሳጥን ነው፤ ለእሱ ሙሉ ኪት 18 ሺህ ብር ከፈልኩ። ተበላሽቶ የነበረው ግን 400 ብር የማያወጣ ዕቃ ነው። ሻጩ ዛሬም ሥራ ላይ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ነገ በሌላ ስም ይመጣል። አካሄዱን ካወቃችሁ ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ቬስፓዋ የአጎቴ ናት። ሱፐር 150፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች፣ ባለ 6 ቮልት። ሃያ ዓመት ያህል ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። «ካስነሳሃት ያንተ ናት» አለኝ። ካርቡራቶሯን አጠብኩ፣ ጎማ ቀየርኩ፣ ተነሳች። ደስታዬ ግን ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ አለቀ። ሞተሩ ሲግል መቆራረጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ቀጥ። ሩብ ሰዓት አርፋ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። አሥር ደቂቃ ሄዳ እንደገና ቀጥ። መንገድ ዳር ቆሜ ያልመከረኝ አላፊ አግዳሚ የለም። አንዱ ቤንዚኑ ውሃ አለው ይላል፣ አንዱ ሽጣትና ተገላገል ይላል።

ይህን ምልክት ልብ በሉ። ፑንቲና (ብልጭታ እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን እየከፈተ የሚዘጋ የድሮ ማብሪያ) ያላት ሞተር በብርዱ ሠርታ ሲሞቃት ከጠፋች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮንደንሰር (ፑንቲናው ራሱ እንዳይንጣጣ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ) ነው፣ ቀጥሎ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪኩን የሚያጠነክር የሽቦ ጥቅል)። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሻጩ ግን አሳምሮ የሚያውቅ ይመስለኛል።

በቴሌግራም ችግሬን ስጽፍለት ወዲያው መለሰ። «ወንድሜ፣ ፑንቲና ጊዜው አልፎበታል። ወደ ሲዲአይ ቀይራትና ዕድሜ ልክህን ዕረፍ። ኦሪጅናል የጣሊያን ፉል ኪት አለኝ። አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ ነገ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው።» ፎቶ ላከ። ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ባለ ማግኔት ከባድ ጎማ) አለ፣ ስታተር (ቮላኖው ውስጥ የማይዞር፣ የሽቦ ጥቅሎች ያሉት ሳህን) አለ፣ የሲዲአይ ሳጥን አለ፣ ካንዴላ አለ። በዚያ ላይ ፑንቲናና ኮንደንሰር «በምርቃት» ተጨምረውበታል።

እዚች ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ። ሲዲአይ የገባለት ሞተር ፑንቲና የለውም። ለብቻው የሚገጠም ኮንደንሰርም አይፈልግም። ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ ወደ ቦቢናው የሚለቀው ሳጥኑ ራሱ ነው፤ መቼ እንደሚለቅ የሚነግረው ደግሞ ስታተሩ ላይ ያለች ትንሽ የሽቦ ጥቅል። ፑንቲናና ሲዲአይ በአንድ ኪት መሸጥ ለመኪና ልጓም መርቆ እንደመስጠት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ የሚሸጠውን አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁ አውቋል። እኔ ግን ምርቃት ሲሉኝ ደስ አለኝ። ተሸወድኩ።

ገጣሚም አብሮ ላከልኝ፣ በነፃ። ኪቱ ፒኤክስ ለምትባል ሌላ የቬስፓ ሞዴል የተሠራ ነው። ፒኤክስ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፣ ከእኔዋ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ቮላኖ የሚቀመጥበት የክራንኩ፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ሾጣጣ ነው። ያ ሾጣጣ የቮላኖውን ቀዳዳ ልክ ሞልቶ መያዝ አለበት፤ የሚይዘው ዳዶው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኔዋ ላይ ልኩ አልገጠመም፣ ቮላኖው ይጫወታል። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የለስላሳ ጣሳ በመቀስ ቆርጦ ሾጣጣው ላይ ጠቀለለና ዳዶውን አጠበቀው። «ይኼ ከፋብሪካው ይበልጣል፣ አለቃ» አለኝ። ሞተሩም ተነሳ። ብሩን አስተላለፍኩ።

ሊሄድ ሲል አሮጌውን ቮላኖና ስታተር ጠየቀኝ። «ለብረት ነው፣ አንድ ሺህ ብር እንቀንስልሃለን።» አጎቴ ከቬስፓዋ ላይ አንዲት ቡለን እንዳትጠፋ ስላለኝ ብቻ እንቢ አልኩ። ኋላ ሳስበው የጨዋታው ግማሽ እሱ ነበር። ደህናውን የድሮ ጣሊያን ዕቃ ለቁራሌ ዋጋ ይወስዱና ለሌላው «ኦሪጅናል» ብለው ይሸጡታል። አሮጌ ዕቃችሁን ለማንም አትስጡ። ሞታለች ብትባልም አትስጡ።

በሦስተኛው ቀን አፍንጮ በር አካባቢ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጣሳው ተበልቶ አልቋል። ቮላኖውን ከክራንኩ ጋር የምታስተካክለው ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት ለሁለት ተቆርጣለች። ሾጣጣውም ተፍቋል። ለሻጩ ደወልኩ። «የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ አይመለስም» አለኝና ብሎክ አደረገኝ።

በነገራችን ላይ ይህ አባባል ሕግ አይደለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ግን ደረሰኝ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የእኔ ደረሰኝ የቴሌግራም ጭውውት ነበር፣ እሱንም ከሁለታችንም ስልክ አጥፍቶታል። ስክሪንሾት አንሱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። የጎን ክዳኑን ፈትተው ጣሳውን ሲያዩ ብዙ ሳቁ። የሲዲአይ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የጣሊያን ጽሑፍ በጥፍራቸው ላጡት፣ ከሥሩ የሕንድ ጽሑፍ ወጣ። «የሕንድ መሆኑ አይደለም ችግሩ፣ መዋሸቱ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ በሦስት እግሯ የምናውቃት ባጃጅ ፋብሪካዋ ድሮ ቬስፓን በፒያጆ ፈቃድ ትሠራ ነበር፣ በኋላም ቼታክ የምትባል የራሷን አወጣች። ለድሮ ቬስፓ ልኩን የሚገጥም ርካሽ የሕንድ ዕቃ ሞልቷል። በሕንድ ዋጋ ከተሸጠላችሁ ግዙት።

«ጋሼ፣ ታዲያ በስንት ትድናለች?» አልኳቸው። ቴስተርም አላወጡም። አሮጌውን ስታተር አዩና «ሂድ ሶማሌ ተራ፣ የቮልስ ኮንደንሰር ይዘህ ና» አሉኝ። የቮልስ? አዎ፣ የቮልስዋገን። አቅሙ ይቀራረባል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የቮልስ ዕቃ አይጠፋም። 350 ብር ገዛሁ። ቮላኖው ውስጥ ሙቀት የጠበሰውን አሮጌውን ቆርጠው አወጡት። ይህ ግዴታ ነው፣ አሮጌው እንደተያያዘ አዲስ መጨመር ዋጋ የለውም። አዲሱን ከሙቀት ርቆ ውጭ በኩል በቡለን አሰሩት፣ አካሉ ከብረቱ ጋር ደህና እንዲነካካ ቀለሙን ፍቀው። ፑንቲናውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠርገው፣ በቤንዚን አጥበው፣ ሙሉ ሲከፈት ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር አደረጉት። የካንዴላውን 0.6። ለዚህ ሁሉ 800 ብር ተቀበሉኝ። የተፋቀውን ክራንክ ብረት በሚሞርድ የቫልቭ ቅባት አሽተው አሮጌው ቮላኖ እንዲቀመጥበት ማድረጉ ግን ሁለት ቀን ፈጀ፣ 3,500 ብርም አስወጣኝ። እሱ የጣሳው ዕዳ ነው።

ኪት ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ይህን ሞክሩ። ሞተሩ ግሎ ሲጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍቱ። ገመዱን ሰክታችሁ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ። በባዶ እጅ አትያዙት፣ ይነዝራል፤ ቤንዚን የፈሰሰበትም አካባቢ አይሁን። ከዚያ ፔዳሉን ርገጡ። ጥርት ያለ ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ወደ ካርቡራቶር ሂዱ። ቢጫ፣ የደከመ፣ የሚቆራረጥ ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ካንዴላ ሞክሩ። ቀጥሎ በቮላኖው መስኮት በባትሪ መብራት ፑንቲናውን እዩ። ፔዳሉ ሲረገጥ እዚያ ላይ ትልቅ ብልጭታ የሚንጣጣ ከሆነ፣ ወይ ጫፉ ተቃጥሎ ከጠቆረ፣ ኮንደንሰሩ ሄዷል። ቮላኖ ማውጣት ካስፈለገ በማውጫው ብቻ። መዶሻ ያነሳ መካኒክ ካያችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሲዲአይ መጥፎ ነው አላልኩም። ከክራንኩ ጋር የሚገጥም ቮላኖ ያለው ደህና ኪት አለ፣ የገጠሙና የተመቻቸው አውቃለሁ። ግን ገጣሚው ዳዶውን ከማጥበቁ በፊት ቮላኖውን በባዶ እጅ ሾጣጣው ላይ አስቀምጡና ነቅንቁት። ከተጫወተ አይሆንም፣ ብሩ እጃችሁ ላይ ይቆይ።

ቬስፓዋ አሁን ሽሮ ሜዳን አልፋ እንጦጦ ትወጣለች፣ ትንሽ ብታጉረመርምም። ሻጩን ትናንት በጓደኛዬ ስልክ አየሁት። ያው ፎቶ፣ ፑንቲናውም ኮንደንሰሩም እዚያው ናቸው። ዋጋው 21 ሺህ ገብቷል። «አንድ ብቻ ነው የቀረው» ይላል።