አምፖል ወይስ መልቲሜትር? የኦቨርድራይቭ ኤሌክትሪክ እምቢ ሲል

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሚያድር የድሮ ትራያምፍ ወይም ቮልቮ ኦቨርድራይቩ (በረጅም መንገድ ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር የሚያደርገው ተጨማሪ ማርሽ) አልገባ ካለ ካምቢዮውን ለማውረድ አትቸኩሉ። ክረምት ላይ እርጥበቱ የገመድ መጋጠሚያዎችን ይበላል። ታዲያ በምን እንፈትሽ?

መልቲሜትር ቁጥር ይነግራችኋል፣ የሶሌኖይዱን (ኦቨርድራይቩን የሚያስገባውን የኤሌክትሪክ ማግኔት) ጥቅል ሽቦም ይለካል። ግን ይሸውዳል። ራሱ ከረንት የሚስበው ኢምንት ስለሆነ፣ ሶሌኖይዱን ነቅላችሁ ገመዱን ስትለኩ የዛገ መጋጠሚያም 12 ቮልት ሊያሳያችሁ ይችላል።

ሁለት ገመድ የተቀጠለበት የ12 ቮልት አምፖል ግን ከረንት ይበላል፤ መስመሩ ከደከመ ይደበዝዛል። ርካሽም ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ የኦቨርድራይቩን ማብሪያ ክፈቱ። (ካምቢዮው ላይ ያለው ስዊች በታችኞቹ ማርሾች መስመሩን ይቆርጣል። ይህን ረስቶ ደህናውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) የሚቀይር ስንቱ ነው!) ከዚያ ከፊውዙ ወደ ሶሌኖይዱ እየሄዳችሁ አምፖሉን አስነኩ።

እኔ በአምፖሉ እጀምራለሁ። መልቲሜትሩን የማወጣው ሶሌኖይዱ ተሰክቶ እየሠራ ቮልቴጁ ስንት እንደሚወርድ ለማየት ነው። አንዳንድ አሮጌ የሌይኮክ (የኦቨርድራይቭ አምራች) ሶሌኖይዶች ሲነሱ ከ15 አምፔር በላይ ስለሚስቡ፣ እነሱ ላይ ትንሽ አምፖል በራ ማለት መስመሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።