የክሪስቶፈርና ዳና ሪቭ ፋውንዴሽን አገልግሎት ለታማሚውና ለአስታማሚው ምን ያህል ይጠቅማል?

ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡን ግራ የሚያጋባው የመድኃኒቱ ብዛት አይደለም። ሐኪሞቹ አጥንቱን አረጋግተው የድርሻቸውን ጨርሰዋል፤ ሌሊት ማን እንደሚያገላብጠው፣ ካቴተሩ (የሽንት ማውጫ ቱቦው) ሲደፈን ምን እንደሚደረግ፣ ኢንሹራንሱ ተሽከርካሪ ወንበሩን አልከፍልም ቢል ለማን አቤት እንደሚባል የሚነግር ሰው ግን አይገኝም። በአሜሪካ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱ የክሪስቶፈርና ዳና ሪቭ ፋውንዴሽን ነው። ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ጉዳት ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ቤተሰባችን በድርጅቱ አገልግሎት ሲጠቀም ቆይቷል። እኔም የደረስኩበት መደምደሚያ የድርጅቱ ትልቁ ሀብት ዝናን ባተረፈለት የፈውስ ምርምር ሳይሆን፣ ብዙም በማይወራለት የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ድጋፉ ላይ መሆኑ ነው።

ይህ ሁለት መልክ ከታሪኩ የመጣ ነው። የድርጅቱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው የአሜሪካ የፓራሊሲስ (የሰውነት ሽባነት) ማኅበር ሲሆን፣ ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 በፈረስ ግልቢያ ውድድር ላይ ወድቆ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ከተሳነው በኋላ የዚህ ትግል ዋና ፊት ሆነ። እሱ ገንዘብና የሕዝብ ትኩረት ወደ ምርምሩ ሲስብ፣ ባለቤቱ ዳና ደግሞ አስታማሚ ሆና ያየችውን ችግር ይዛ ለቤተሰቦች መረጃ የሚሰጥ ማዕከል እንዲቋቋም ጥረት አደረገች፤ ማዕከሉም በ2002 ሥራ ጀመረ። ሪቭ በ2004፣ ዳና በ2006 ካረፉ በኋላ የእሷም ስም በድርጅቱ መጠሪያ ላይ ተጨመረ። ማዕከሉ ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ስለሚያገኝ አገልግሎቱን የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው።

ለእኛ መጀመሪያ የጠቀመን የስልክ አገልግሎቱ ነው። ስልኩን የምታነሣው የመረጃ ባለሙያ የምትጠይቀው በቅደም ተከተል ነው፦ ጉዳቱ በየትኛው የአከርካሪ አጥንት ደረጃ ላይ እንደሆነ፣ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ታማሚው የተሐድሶ ሕክምና ማግኘት አለማግኘቱን። ከዚያ ቀጥሎ ሌሊት ወንድሜን የሚያገላብጠው ማን እንደሆነና እኔስ እንቅልፍ አገኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ አስታማሚው የጠየቀን አንድም ባለሙያ ስላልነበረ ለጊዜው መልስ አጣሁ። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች በአስተርጓሚ ያገለግላሉ፤ እናታችንም በዚሁ መንገድ የራሷን ጥያቄ አቀረበች። ልጇ ይበርደዋል ብላ ብርድ ልብስ ስትደራርብለት ነበርና፣ አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ እንደ ጤነኛ ሰው በላብ ሙቀቱን ማስተካከል ስለማይችል በቀላሉ ከመጠን በላይ ሊግል እንደሚችል በትዕግሥት አስረዷት። እኔ ይህንኑ ብዙ ጊዜ ነግሬያት አልተቀበለችኝም ነበር፤ ከባለሙያ ስትሰማው ግን በዚያው ቀን ብርድ ልብሱን አነሣች።

በነፃ የሚልኩት የመረጃ መጽሐፍ ወፍራም ነው። ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ሳይሆን ችግር ሲያጋጥም እየገለጡ ለመፈለግ የተዘጋጀ ስለሆነ መጠኑ ሊያስደነግጥ አይገባም። ስለ ፊኛና አንጀት አያያዝ፣ ስለ አልጋ ቁስል፣ ስለ ጡንቻ መኮማተር፣ ስለ ትዳርና ልጅ መውለድ ሳያድበሰብስ በግልጽ ይናገራል። ሐኪም ፊት ለመጠየቅ የሚያሳፍሩ ነገሮች በአብዛኛው መልስ ያገኙት ከዚህ መጽሐፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የማመሰግናቸው በኪስ ቦርሳ ውስጥ ለምትያዝ አንዲት ካርድ ነው። ካርዷ ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ስለሚባለው ድንገተኛ አደጋ የምታስረዳ ናት። በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ፊኛው ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ አንጀቱ ሲደርቅ ወይም ልብሱ ሲያጠብቀው ሕመሙ በወጉ ባይሰማውም ሰውነቱ ግን ይቆጣል፤ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ የደም ግፊቱም ወደ ላይ ይወነጨፋል። ራስን የሚፈልጥ ሕመም፣ የፊት መቅላትና ከጉዳቱ በላይ ባለው አካል ላይ የሚወርድ ላብ ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። መንስኤው በቶሎ ካልተወገደ በአንጎል ውስጥ ደም እስከማፍሰስና ለሞት እስከማብቃት ይደርሳል። አደጋውን የሚያባብሰው ደግሞ የእነዚህ ሰዎች የላይኛው የደም ግፊት በዘወትሩ ከ90 እስከ 110 ብቻ ስለሚሆን፣ ለሌላው ሰው እምብዛም የማያሳስብ ቁጥር ለእነሱ የአደጋ ምልክት መሆኑ ነው።

ወንድሜን የራስ ምታት ሊፈነክተው ደርሶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘነው በሄድንበት ሌሊት የገጠመን ይኸው ነው። ግፊቱ 150 ሲሆን፣ የለካችው ነርስ ሕመሙ የፈጠረው ስለሆነ ተራችሁን ጠብቁ አለችን። ካርዷን አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ከዚያም ሳትናገር የአልጋውን ራስጌ ቀጥ አድርጋ ካቴተሩን ከላይ እስከ ታች በእጇ ተከተለችው። ቱቦው ከጭኑ ሥር ታጥፎ ኖሯል። ስታቃናው ሽንቱ ወደ ከረጢቱ ወረደ፣ ግፊቱም ወዲያው መቀነስ ጀመረ። በነርሷ አልፈርድም፤ እንዲህ ያለ ታማሚ በየቀኑ አያጋጥማትም። ካርዷ የተዘጋጀችውም ለዚሁ ነው።

ልምድ ያላቸውን ሰዎች ከአዲስ ተጎጂ ጋር የሚያገናኘው መርሐ ግብርም ሊጠቀስ ይገባዋል። ሥልጠና የወሰደ፣ በጉዳት ደረጃም ሆነ በዕድሜ የሚቀራረብ ሰው ተመርጦ ይመደባል። ወንድሜን ያነጋገረው ሰው ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት የአንጀቱን ነገር እንዴት እንደሚጨርስ፣ መኪና በእጅ ብቻ እንዴት እንደሚነዳ፣ ወንበሩ ላይ ሳለ ቁስል እንዳይወጣበት በየጊዜው እንዴት እንደሚያዘነብል በተግባር አስረድቶታል። እኛ ስናጽናናው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር የነበረው ልጅ የዚያን ሰው ስልክ በጉጉት መጠበቅ ጀመረ። ለአስታማሚዎችም ተመሳሳይ አገልግሎት አለ፤ እኔ ዘግይቼ የተጠቀምኩበት መሆኑ ይቆጨኛል።

ገንዘብ ፈልጎ ለሚደውል ሰው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ቢነገረው መልካም ነው። ድርጅቱ የሚሰጠው የኑሮ ማሻሻያ ድጎማ ለሌሎች ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር ለመግዛት ወይም የቤት መግቢያ ለማስተካከል ቀጥተኛ ክፍያ የጠበቀ ቤተሰብ ቅር ይለዋል። ባለሙያዎቹ የሚያደርጉት ሌሎች የእርዳታ ምንጮችን መጠቆምና ለኢንሹራንስ ይግባኝ የሚያስፈልገውን መረጃ መስጠት ነው፤ ይህም ዋጋ አለው፤ ሆኖም ይህ ገደብ ከመጀመሪያው በጉልህ ቢነገር የብዙ ሰው ተስፋ ባልተሰበረ ነበር።

ምርምሩንም በተመለከተ በጥንቃቄ መነገር ያለበት ነገር አለ። ድርጅቱ ከደገፋቸው ሥራዎች አንዱ በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው፣ ኅብለ ሰረሰርን በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ጥናት ነው። በ2014 በወጣው ውጤት መሣሪያው የተተከለላቸው አራት ሰዎች እግራቸውን በፈቃዳቸው ማንቀሳቀስ ችለዋል፤ ይህም ሊታመን የማይችል ይመስል የነበረ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ውጤቱ የተገኘው ከከባድ ልምምድ ጋር፣ መሣሪያው እየሠራ ሳለ እንጂ የተጎዳው ኅብለ ሰረሰር ድኖ አይደለም። ገና አደጋው በደረሰበት ሰሞን ያለ ቤተሰብ ይህን ዜና ሲያይ ልቡ ወዲያ ይሄዳል፤ የእኛም ሄዷል። በእኔ አስተያየት ድርጅቱ ወደ እሱ ለሚመጡ አዲስ ቤተሰቦች መጀመሪያ ማሳየት ያለበት ካርዷንና ስልኩን፣ ቀጥሎ ምርምሩን ነው።

በአሜሪካ የሚኖርና በቤቱ እንዲህ ያለ ታማሚ ያለ ሰው ለመደወል ከሆስፒታል መውጣትን መጠበቅ የለበትም። ከመውጫው ቀን በፊት የጉዳቱን ደረጃ ከሐኪሙ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ የታማሚውን የዘወትር የደም ግፊት መዝግቦ፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት አጠገቡ አድርጎ ቢደውል በመጀመሪያው ውይይት ብቻ ብዙ ነገር ይዞ ይነሣል። ካርዷንም በዚያው ቢጠይቅና አንዷን በታማሚው ወንበር ላይ፣ ሌላዋን በአስታማሚው ቦርሳ ውስጥ ቢያደርግ እመክራለሁ።