አባዬን ከመጮህ ያሳረፈልን ልጅ

ጎንደር ማራኪ ሰፈር አነስ ያለች ሱቅ ይዞ ኮምፒውተር የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ስሜ አይጻፍ ስላለኝ አልጽፈውም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ግላኮማ ዓይኑን ከያዘው ወዲህ ማንበብም መጻፍም አልቻለም። የሕይወት ታሪኩን ግን ለልጅ ልጆቹ መተው ይፈልጋል። ወንድሜ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ሠርቶለት ነበር። አባዬ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን በኢንተርኔት ወደ ጉግል ልኮ የአማርኛ ጽሁፍ ያመጣለታል። ጥቂት ወር ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጭጭ አለ። አባዬ ይናገራል፣ ስክሪኑ ባዶ ነው።

ኮምፒውተሩን አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። "ፎርማት ይደረግ" አሉን፤ ተደረገ። ጭራሽ ፕሮግራሙ መከፈቱንም ተወ። ሌላ ቦታ ደግሞ "ሳውንድ ካርዱ (የኮምፒውተሩ የድምፅ ክፍል) ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ" ተባልን። ይህን ልጅ ሰው የጠቆመኝ ያኔ ነው።

ቤት ድረስ መጣ። ኮዱን ከመንካቱ በፊት በዊንዶውስ መቅጃ የአባዬን ድምፅ ቀድቶ መልሶ አሰማን። ጥርት ብሎ ተሰማ። "ማይኩም ሳውንድ ካርዱም ደህና ነው፣ እንዳትገዢ" አለኝ።

ከፎርማቱ በኋላ የተጫነው ፓይተን 3.13 ነበር። ወንድሜ የተጠቀመበት የቆየ የድምፅ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) የሚፈልጋቸው ክፍሎች ከዚህ ቨርዥን ተወግደዋል። አዲሱን ላይብረሪ አወረደና ይህ ቶሎ አለቀ።

ቀጥሎ ኮዱን ከፍቶ አንዲት መስመር አሳየኝ። ስህተት ሲመጣ ዝም ብለህ እለፍ የምትል ናት። "በሽታውን ስትደብቅባችሁ የኖረችው እሷ ናት" አለኝ። አጠፋት። አባዬ ስለማያይ በምትኳ ድምፅ አስገባለት። አንዴ ጢት ካለ ንግግሩ አልገባኝም ማለት ነው። ሁለቴ ካለ ኔትወርክ የለም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸውን ማይኮች በሙሉ ዘረዘረ። ኮዱ የሚያዳምጠው 1 ቁጥርን ነው። እኛ ደግሞ በመሀል ለልጆቹ ዌብካም ገዝተን ሰክተናል። ቁጥሩ ተዛውሮ 1 የዌብካሙ ማይክ ሆኗል። ዌብካሙ አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ ለብሶ ነው የሚውለው። አባዬ በአንዱ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ በሌላው ይሰማል። ልጁ ማይኩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ እንዲፈልግ አደረገው።

እስካሁን ያለውን ሌላ ባለሙያም ያገኘው ይሆናል። እኔን ሆዴን ያባባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አባዬ ሊሞክር ተቀመጠና እንደ ልማዱ ጮኸ። ልጁ ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ ለምን ይጮሃሉ?" አለው። አባዬም "ካልጮህኩበት አይሰማኝማ" አለ። እኛ እኮ ጆሮው የደከመ መስሎን ነበር! ለካ ወንድሜ የድምፁን ገደብ 4000 ላይ ቸንክሮታል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እንደ ዝምታ ይቆጠራል። ላይብረሪው ማንም ሳይነካው ሲመጣ ገደቡ 300 ነው። ወንድሜ ከፍ ያደረገው ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ የባጃጅ ድምፅ እንዳይረብሸው ብሎ ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ሲከፈት ለአንድ ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ አዳምጦ ገደቡን ራሱ ያወጣል።

ሌላም አስተዋለ። አባዬ እያሰበ ነው የሚያወራው፤ በየመሀሉ ያርፋል። ፕሮግራሙ ደግሞ 0.8 ሰከንድ ዝም ካሉ ጨረሱ ብሎ ይቆርጣል። ወደ 2 ሰከንድ ከፍ አደረገለት። የሚመጣው ጽሁፍ ነጥብ ስለሌለው አባዬ ባረፈ ቁጥር አራት ነጥብ እንዲገባም አደረገ። ይህን ማንም አልጠየቀውም።

"በሉ ጋሼ፣ እንደ ልብዎ ይናገሩ" አለው። አባዬ በዝግታ፣ ለኔ ተረት ሲነግረኝ በነበረው ድምፅ ጀመረ። "በ1961 ዓ.ም. አስተማሪ ሆኜ ደባርቅ ስገባ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር።" ስክሪኑ ላይ ወጣ። ደባርቅን አሳስቶታል፣ እሱን እኔ አረምኩ። ሳነብለት እጁን ዘርግቶ የልጁን ትከሻ ፈለገና መረቀው።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ የጠየቀኝ 500 ብር ነው። ቡናውን እንኳ በግድ ነው የጠጣው። አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ።

ጎንደር ያላችሁ፣ ሱቁን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አመላክታችኋለሁ። ስትሄዱ መበላሸት ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሰካችሁ ወይም ምን እንደጫናችሁ አስታውሳችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።