አይፓድ ሚኒ ወይስ አይፓድ ኤር? በእጅ ይዘው ለሚያነቡ

ታብሌት ሊገዛ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ተገቢ ጥያቄ ነው። ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ መጽሐፍ ለሚያነብ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ (ነጣቂውን ሳይረሳ) ዜና ለሚያይ ግን «ስንት ግራም ነው?» የሚለው ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አይፓድ ሚኒ 293 ግራም ይመዝናል፤ ስክሪኑ 8.3 ኢንች ነው። በ2025 የወጣው ባለ 11 ኢንቹ አይፓድ ኤር 460 ግራም ነው። የ167 ግራም ልዩነት ሱቅ ውስጥ አንስተው ሲያስቀምጡት አይታወቅም። ግማሽ ሰዓት በአንድ እጅ ሲይዙት ነው የእጅ አንጓ የሚናገረው። ኤርን ወይ በሁለት እጅ ይይዙታል ወይ ጭን ላይ ያሳርፉታል። ሚኒን ቁመቱን ይዘው በሁለት አውራ ጣት ሙሉ መልእክት ይጽፉበታል። ኮቨር ሲገባላቸው ሁለቱም ይከብዳሉ፣ ስለዚህ ሲሞክሩ ከነኮቨሩ ይሁን።

በጉልበት ኤር ይበልጣል፤ ኤም3 የሚባለው ፕሮሰሰር (ቺፕ) አለው። የሚኒው ኤ17 ፕሮ ግን ደካማ አይደለም፣ አይፎን 15 ፕሮ ላይ ያለው የቺፕ ዓይነት ነው፤ ራሙም እንደ ኤር 8 ጊጋባይት ነው። ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ንባብ፣ የልጆች ጌም ላይ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ረጅም ቪዲዮ የሚቆርጥ፣ ወይም ኪቦርድ ገጥሞ እንደ ላፕቶፕ ሊሠራበት ያሰበ ኤርን ይግዛ። የአፕል ማጂክ ኪቦርድ ለሚኒ አልተሠራም፣ ሁለት አፕ ጎን ለጎን ሲከፈትበትም ይጠባል።

ሚኒን ከመግዛት የሚያስቆመኝ አንድ ነገር ፒዲኤፍ ነው። የሚኒ ስክሪን 11.6 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የኤ4 ገጽ 21 ሴንቲሜትር ነው። ሙሉ ገጹ እንዲገባ ሲደረግ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል ወደ 6.6 ገደማ ይወርዳል። በላቲን ፊደል እንደምንም ይነበባል፤ በግዕዝ ፊደል ግን ካዕብና ሣልስን የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ነች፣ ስካን የተደረገ አሮጌ ሰነድ ሲሆን ደግሞ እሷም ትጠፋለች። ኤር ላይ ያው ፊደል 9 ነጥብ ያህል ሆኖ ይታያል፣ የኤ5 መጽሐፍ ገጽ ደግሞ ሳያንስ ሙሉውን ይገባል። ስለዚህ ሞጁልና የፍርድ ቤት ሰነድ የሚያነብ ተማሪ ወይም ጠበቃ ክብደቱን ይቻል። ፊደሉን ማሳደግ የሚቻልበት ኢ-መጽሐፍና ድረ-ገጽ ላይ ግን ችግሩ የለም፤ የሚኒ ስክሪን በኢንች 326 ፒክስል ስላለው ከኤር 264 ይልቅ ጽሑፉ ይጠራል።

ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ ሚኒ 499 ዶላር፣ ኤር 599 ነበሩ፣ ታክስ ሳይጨመር። ባለ 11 ኢንቹ ተራ አይፓድ 349 ነበር፤ በክብደቱ ግን ከኤርም ይብሳል፣ 477 ግራም። ዋጋ የሚያስጨንቀው ሰው የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9ን ይመልከት፦ 8.7 ኢንች፣ 330 ግራም ገደማ፣ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል። ስክሪኑ 1340 በ800 ብቻ ስለሆነ ጥቃቅን ጽሑፍ ላይ ይደበዝዛል፤ ለልጅ ግን ይበቃል።

ከውጭ ለሚያስመጣ አንድ ማሳሰቢያ፦ የአዲሱ ሚኒና የኤር ባለ ኔትወርክ ሞዴሎች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም (ካርድ ሳይገባ መሣሪያው ላይ በሚጫን ሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። የ2021ዱ ሚኒ ግን ማስገቢያ አለው፤ ስክሪኑም ያው 8.3 ኢንች፣ የዋይፋዩ ክብደትም ያው 293 ግራም ነው። ለንባብ ብቻ ከሆነ፣ ባትሪው ያልደከመ ያገለገለ ቢገኝ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ 64 ጊጋባይቱን ትቶ 256ቱን መፈለግ ነው።