የአዲስ አበባ አንድ ምሽት፦ ባህላዊ ምግብ ቤት ወይስ አዝማሪ ቤት?

ለከተማዋ እንግዳ ከሆኑና ያለዎት አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ፣ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

እንደ ዮድ አቢሲኒያና 2000 ሐበሻ ያሉት ባህላዊ ምግብ ቤቶች በጊዜ ይጀምራሉ፤ እራትዎን እየበሉ ከጉራጌ እስከ ወላይታ ያለውን ጭፈራ በመድረክ ያያሉ። ልጆች ይዞ ለመጣ ይመቻል። ግን ተመልካች ነዎት፤ ለእስክስታ ጎትተው ካላስነሱዎት በቀር።

አዝማሪ ቤት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት መሄድ ትርፉ ባዶ ወንበር ማየት ነው። ሞቅ ሲል ግን ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ፊትዎ ቆሞ በመልክዎ፣ በአለባበስዎ፣ አብራዎ በመጣችው ሳይቀር ይገጥማል። «ተቀበል!» እያለ ስንኝ የሚሰጠው ደንበኛ ደግሞ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ወርቁ እንዳያመልጥዎ ቅኔ የሚገባው ወዳጅ ይያዙ፤ ለሽልማትም ዝርዝር ብር። እኔ ብሆን የማመሸው እዚህ ነው፣ ሁዳዴ ካልሆነ፤ ያኔ ብዙዎቹ ቀዝቀዝ ይላሉ።